የምላስ ጎን

አፋችንን ፎቶ ልታነሳ አንዲት ሴት ቤታችን የመጣችው በኅዳር ወር ነው። አንጋጫ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ የቋንቋ ተመራማሪ ናት። ሆሳዕና የመጣችው ለአንድ ድምፅ ስትል ነበር፤ ለ«ል»። እኔ የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ፣ በየቋንቋው ሰዎች «ል» ሲሉ ምላሳቸው የት እንደሚያርፍና ትንፋሻቸው በየት በኩል እንደሚወጣ እንደምታጠና ለመምህራኑ አስረዳች። የሒሳብ መምህሩ ለዚህ ብለሽ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና አዎ፣ ለዚህ ነው አለች።

እኔን የመረጠችኝ በቤታችን ምክንያት ነው። እኔ ሌሞ ውስጥ በሀዲይኛ አፌን የፈታሁ ነኝ። ባለቤቴ የዱራሜ ሰው ነው፣ ቋንቋው ከምባትኛ። በትዳር ስንኖር ሃያ ሁለት ዓመት የተነጋገርነው ግን በአማርኛ ነው፣ ለሁለታችንም ሁለተኛ በሆነው ቋንቋ። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። እሱ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር፤ ባለጉዳዩ ወይም ምስክሩ በራሱ ቋንቋ የተናገረውን ለዳኛው በአማርኛ ያቀርባል። ተመራማሪዋ ይህን ስትሰማ ደብተሯን አወጣችና አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቋንቋ አገኘሁ አለች።

በዚያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ አልተጣላንም። ልጆቻችን ሁለቱም ለሥራ ከሆሳዕና ወጥተው ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፍቶ ነበር። ንግግራችን ቀስ በቀስ አጠረ። መጣህ፣ መጣሁ። ራትህ ተሸፍኗል፣ እሺ። እሱ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ሲያመላልስ ውሎ ይገባል፤ እኔም ስጮህ ውዬ እገባለሁ። ዝምታው ዕረፍት ይመስለኝ ነበር።

ተመራማሪዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አነጠፈች። ከቦርሳዋ የላመ ከሰል፣ ዘይት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንሽ መስታወትና ካሜራ አወጣች። ከሰሉን በዘይቱ በጠበጠችና ጣዕሙ እንዳያስቀይመን ትንሽ ኮኮዋ ጨመረችበት። ከዚያ ምላሴን አስወጥታ በብሩሹ ጥቁር አድርጋ ቀባችኝ። አንድ ቃል ብቻ እንድናገርና ከዚያ ምራቄን ሳልውጥ አፌን ከፍቼ እንድቆይ ነገረችኝ። መስታወቱን አፌ ውስጥ አስገብታ ላንቃዬን ፎቶ አነሳችው።

ያስባለችኝ ቃል «አለ» ነበር። አንድ ጊዜ አላልቼ፣ «ሰውዬው እንዲህ አለ» እንደምንለው፤ አፌን ካጠብኩ በኋላ ደግሞ አጥብቄ፣ «ሰውዬው ቤት አለ» እንደምንለው። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ ተማሪዎቼን ዘወትር የማደናግርበት ቃል ነው። በኮምፒውተሯ ላይ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየችን። ከፊት ጥርሴ ጀርባ ድዴ ላይ ጥቁር ምልክት አርፏል፤ በጠበቀው ላይ ምልክቱ ሰፋ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ግን በሁለቱም ንጹሕ ነው። «ል» ስንል የምላስ ጫፍ ከፊት መሐሉን እንደሚዘጋው፣ ድምፁም መንገድ ሲያጣ በምላስ ጎን ፈስሶ እንደሚወጣ አስረዳችን። ለዚህ ነው የጎን ድምፅ የሚባለው።

ከዚያ ስለ ሌሎች አገሮች አጫወተችን። እንግሊዞች ቃል መጨረሻ ላይ «ል» ሲሉ የምላሳቸውን ሥር ወደ ኋላ ስለሚያነሱት ድምፁ ይወፍራል። የዌልስ ሰዎች ደግሞ ምላሳቸውን ለ«ል» አዘጋጅተው ያለ ድምፅ ትንፋሽ ብቻ በጎን ያፏጫሉ። እሷ ስታሳየን ድመት የተቆጣች ይመስል ነበር። በደቡብ አፍሪካ አንድ ሕዝብ አለ፣ የገዛ ስሙ የሚጀምረው ባለጋሪ ፈረሱን ሲያስነሳ በጉንጩ በኩል በሚያሰማው ድምፅ ነው። እዚህ ለፈረስ የምንለው እዚያ ፊደል ነው። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ንጉሡ «ሠ» የነገረችኝ ነው። ተማሪዎች ለምን ሁለት «ሰ» ኖረን ብለው ሲጠይቁኝ ድሮ ልዩነት ነበራቸው ብዬ አልፋለሁ። ልዩነቱ ምን እንደነበር አላውቅም ነበር። እሷ እንዳለችው ከሆነ ሊቃውንት «ሠ» በጥንት ጊዜ በምላስ ጎን እየተፏጨ ይወጣ ነበር ብለው ይገምታሉ። በእኛም ቋንቋ፣ በሀዲይኛ፣ ጉሮሮ ለአፍታ ተዘግቶ ሲከፈት የሚከተል «ል» እንዳለ ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ እንዲህ ማድረጌን አላውቅም ነበር።

የባለቤቴ ተራ ሲደርስ አንድ ሙከራ አስቀደመች። ምላሳችንን «ል» የምንልበት ቦታ ላይ አድርገን አየር ወደ ውስጥ እንድንስብ አዘዘችን። የሚቀዘቅዛችሁ ቦታ የእናንተ መውጫ ነው አለችን። እኔን በሁለቱም ጎን ቀዘቀዘኝ። ባለቤቴ በቀኝ ብቻ ነው አለ። ደግሞ ሞከረ፣ አሁንም በቀኝ ብቻ። ብዙ ሰው በአንድ ጎን ብቻ እንደሚናገር፣ ይህ ጉድለት እንዳልሆነ ነገረችው። ለጥናቷ ግን ጥሩ ነገር ስላገኘች ደስ አላት። ላንቃውን ፎቶ ካነሳችና እሱ ከሰሉን ካጠበ በኋላ የምላሱን ፎቶ ልታነሳ ወደ ውጭ እንዲያወጣው ለመነችው።

ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሳታነሳ ቆየች። ከዚያ አነሳችው። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አስፍታ አየችው። የምላሱ ግራ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ የጣት ጫፍ የሚያህል ነጭ ቦታ ነበር፤ መሐሉ የቀላ ቁስል፣ ዙሪያው ጠንከር ያለ።

«ጋሼ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ጥርሴ ነው። የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ አለኝ፣ እሱ እየነከሰኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከክረምት ጀምሮ በርበሬ እንደተወ፣ ቆጮውን በወተት እያራሰ እንደሚበላ፣ በቀኝ በኩል ብቻ እንደሚያኝክ አይቻለሁ። ማየቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። በግራው «ል» ማለት የተወውም ስለሚያመው ነበር፤ ምላሱ ቁስሉን ሽሽት ራሱን አስተካክሎ በአንድ ጎን መናገር ጀምሯል። ተመራማሪዋ ጥሩ ነገር ብላ የመዘገበችው ይህን ነው። በዚያ ሰዓት መደንገጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ያሰብኩት ነገር ቢኖር ከሰሉ ከፎጣው መልቀቅ አለመልቀቁን ብቻ ነው።

ሆሳዕና ያለው የጥርስ ሐኪም የተሰበረውን ጥርስ ነቀለለትና ቁስሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልደረቀ ተመለስ አለው። አልደረቀም። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ከመናኸሪያ ማለዳ በወጣው አውቶቡስ ሄድን። እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ ስለ አውቶቡሱ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ተናገረ፣ ሌላ አልተናገረም።

ሐኪሙ ከእኛ በዕድሜ ያነሰ ሰው ነበር። ነቀርሳ መሆኑን በቀስታ ነገረን። በጊዜ መጥታችኋል፣ እንዴት አወቃችሁ ብሎ ጠየቀን። አንዲት ተማሪ «ል» የሚለውን ድምፅ ስታጠና አየችው አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የማስበው ስላላረምኩት የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ነበር። ስንት ክፍል እንደቀረኝ፣ ለማን እንደምሰጠው። ባሌን ነቀርሳ ይዞታል የሚለውን ዓረፍተ ነገር በልቤ አልኩት፤ ሰዋስው እንደማርም ሰው አልኩት።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ምላስ ሣለና ከግራው በኩል የሚቆረጠውን በመስመር ለየው፤ ሲሶው ይሆናል። የአንገቱ ዕጢዎችም አብረው ይወጣሉ። ባለቤቴ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስንት ፊደል ይቀረኛል?» ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሙ ይህን እንደማያውቅ፣ እንደሚናገር ግን እርግጠኛ እንደሆነ፣ ሆኖም እንደ ድሮው እንደማይሆን መለሰለት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ ወደ እኔ ዞር አለ።

«ለምን እንደደበቅኩሽ አልጠየቅሽኝም» አለኝ።

«አልጠየቅኩህም።»

«አልደበቅኩሽም። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

አንዲት ነርስ መጥታ ወረቀት እስክታስፈርመን ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊቱ አብጦ፣ አንገቱ ተሰፍቶ፣ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት አየሁት። የሚፈልገውን በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይጽፍልኝ ነበር። ትራስ። ውሃ አይደለም፣ መስኮት። ተማሪዎችሽስ? ጽሑፉ ከንግግሩ ይልቅ ረጅም ሆነ፤ በዚያ ሁለት ሳምንት የጻፈልኝ በዓመት ከነገረኝ ሳይበልጥ አይቀርም። የተቆረጠው ሲመረመር ጠርዙ ንጹሕ፣ ዕጢዎቹም ነጻ ሆነው ተገኙ። በየሦስት ወሩ እየተመለሰ እንዲታይ ተነገረን። ጌታ ይመስገን አልኩ። በስልክ ለልጆቼም፣ ለእህቶቼም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ጌታ ይመስገን አልኩ። በክንዴ ላይ ተኝቼ ስነሳ ክንዴ የሌላ ሰው እንደሚመስለኝ፣ ያን የምለው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሆሳዕና ተመልሰን እብጠቱ ሲጠፋ ንግግሩ ተመለሰ፣ «ል» ግን አልተመለሰም። የቀረው ምላስ ወደ ግራ ተስቦ ጫፉ ድዱን በወጉ አይነካም። «ል» ሊል ሲሞክር «ይ» ሆኖ ይወጣል። ላም ያም ሆነች፣ ምላስ ራሱ ምያስ ሆነ። ግራው በኩል ደንዝዟል፣ ትኩስ ሻይ ሲነካው እንኳ አያውቅም። እኔ በአንድ ወር ውስጥ ለመድኩት። ማንኛውንም «ይ» በልቤ ወደ «ል» እየመለስኩ አዳምጠው ነበር።

በየካቲት ወደ ሥራው ተመለሰ። ትንሽ ቆይ ብዬው ነበር፤ ሙግት አይወድም፣ ዝም ብሎ ኮቱን ለበሰ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቶሎ ወደ ቤት ገብቶ የሆነውን ነገረኝ። የባሕር ዛፍ ቆረጣ ክርክር ነው። አንድ ሽማግሌ በከምባትኛ እየመሰከሩ ነበር። ዳኛዋ የቆረጠውን ሰው ራስዎ አይተዋል ወይስ ሰምተው ነው ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ወንድሜ ነው ያለው ብለው መለሱ፤ ሰማሁ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ተረጎመ። «ወንድሜ አለ» ሊል «ወንድሜ አየ» አለ። ጸሐፊው አየ ብሎ ጻፈ። ዳኛዋ እንግዲያው የዓይን ምስክር አለ ማለት ነው ብለው ወንድምየው እንዲጠራ ሊያዙ ሲሉ፣ ከምባትኛ የሚያውቅ አንድ ጠበቃ ተነሣና ምስክሩ አለ ነው ያሉት፣ አየ አላሉም አለ። ዳኛዋ ወደ ባለቤቴ ዞረው የትኛው ነው ብለው ጠየቁት። እሱም ደግሞ ሊል ሞከረ። አሁንም አየ ሆነ። ችሎቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ወረቀት ተቀብሎ ጻፈና ለጸሐፊው ሰጠ፤ ከሥሩም ከማስተርጎም እንዲያሰናብቱት በአክብሮት ጠየቀ።

ይህን ሲነግረኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። መላጤን ቀጠልኩ። ሰው በአንድ ድምፅ ሊታሰር ይችል ነበር አለኝ። አዎ አልኩት።

የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ሰው በከተማችን አላገኘንም። ለተመራማሪዋ ጻፍኩላት። ስለ ፎቶው ለማመስገን ነበር፤ ነገሩን ስነግራት ግን በቪዲዮ ደወለች። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ያስተማረችንን እስካሁን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ግራውን ይርሱት። ይዝጉት። ለ«ል» አንድ ጎን ይበቃል» አለችው። ግራው ስለማይሰማው የቅዝቃዜውን ሙከራ ሊያምነው አይችልም፤ ስለዚህ ከአፉ ቀኝ ጥግ ቀዝቃዛ መስታወት እንድይዝለትና ጉም ከለበሰ ትንፋሹ በትክክል እንደወጣ እንድናውቅ ነገረችኝ። ምላሱ የት እንደነካ ለማየት ደግሞ ከሰልና ዘይት።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ የባሌን ምላስ መቀባት ጀመርኩ። እሱ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ምላሱን ያወጣል፣ እኔ በብሩሽ እቀባለሁ። ቀኙ ጤነኛ ነው፣ ግራው አጭርና ለስላሳ፣ የስፌቱ መስመር ነጣ ያለ። የሰው ምላስ ያን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ያቺ ጥቁር ምላስ ለሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ናት ብዬ ለራሴ ብናገርም ቃሉ አልነካኝም። ቀባሁ፣ ተናገረ፣ መስታወት አስገባሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፎጣ ሰጠሁት። በማግስቱም እንዲሁ። በሽታው የእሱ ሆኖ ሳለ በሽተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል አንዳንዴ እሱ ፊቴን ያየኝ ነበር።

ሥራ ስለሌለው ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይወጣል። አንድ ቀን ከገበያው በታች፣ ከሌሞ የሚመጡት ጋሪዎች የሚቆሙበት ቦታ ቆሞ ባለጋሪዎቹ ፈረስ ሲያስነሱ ሲያዳምጥ ዋለ። ድምፁን ከቀኝ ጉንጫቸው ነው የሚያወጡት። አንዱን ሰውዬ እንዴት ነው የምታደርገው ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው መጀመሪያ ተገርሞ አየው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ አሳየው። ለአንድ ሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ ፈረስ ሲነዳ ከረመ። ጎረቤቶች ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ያ ድምፅ ምላስን ከፊት እንዳጣበቁ ቀኝ ጎኑን ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። እንዲያ ሲያደርግ የጎደለው ነገር ተገኘ።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ፊት ተቀምጠን ሳለ «አለ» አለ። እርጥብ ነበር፣ ትንሽ ትንፋሽ የተቀላቀለበት፤ ግን «ል» ነበር። የያዝኩት መስታወት በቀኝ ጉም ለበሰ። ላንቃውን ፎቶ አነሳሁት፤ ከፊትና ከግራ ጥቁር፣ ከቀኝ ንጹሕ። ፎቶውን ለተመራማሪዋ ላክኩላት። በድምፅ መልእክት መለሰችልን፤ እያለቀሰች ነበር፣ የምትለው በደንብ አይሰማም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አዳመጠው። እኔ መስታወቱን በሳሙና አጠብኩት።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ትርጉም ላይ መደበው፤ ሰነድ ይተረጉማል፣ ይወደዋልም። «ል» ሲል ለውጡን የሚሰሙት ድሮ የሚያውቁት ሰዎች ብቻ ናቸው። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እንሄድ ነበር። ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ደህና ነህ፣ ከአሁን በኋላ በየስድስት ወሩ ይበቃሃል አለው።

ስንመለስ የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት እኛ ቤት የምስጋና ጸሎት አደረገ። እሑድ ነበር። ሳሎኑ ሞላ። አንዱ ወንድም በሀዲይኛ ጸለየ፣ ባለቤቴ ተነሥቶ በከምባትኛ ከዚያም በአማርኛ አመሰገነ። ሁሉም ቃሉ ግልጽ ነበር። ሲጨርስ ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቤ፣ ከኋላዬ፣ ከበሩ በኩል። እኔም አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴን አነሳሁ። ጫፉ ከጥርሴ ጀርባ ቦታውን አገኘ። ድምፅ አልወጣም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ትከሻዬን ደባበሱኝና ደስታ ብዙ ሲሆን እንዲህ ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማድ ቤት ብርጭቆ እያጠብን ሳለ ባለቤቴ ጠየቀኝ።

«ምነው እልል አላልሽም?»

«አልመጣልኝም» አልኩት። «ከታመምክ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም። ያኔም፣ ዛሬም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

የያዘውን ብርጭቆ አጥቦ ጨረሰ።

«ይህን ስላልሽኝ ጥሩ ነው» አለ።

ሌላ ብርጭቆ አቀበልኩት። አጠበው፣ እኔ በጨርቅ አደረቅኩት። ሃያ የሚሆኑ ነበሩ። ስንጨርስ ገና አልመሸም ነበር። ለሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ስላለኝ ገብቼ ደብተሮቹን ማረም ጀመርኩ። እሱ ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ አድርጎ ተቀመጠና ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም እያረምኩ መለስኩለት።